ማሕፀን፣ ጆሮና ማዞር

አንዲት ወጣት ሴት ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ቤት «ራሴን አዞረኝ» ብላ ግድግዳውን ደገፍ ብትል፣ እዚያ ካሉት እናቶች ቢያንስ አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «አርግዛ ይሆን እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። ነገሩ ቀልድ ነው፤ ሐሜትም ነው፤ ግን እውቀትም አለበት። እናቶቻችን በእርግዝናና በማዞር መካከል አንድ ነገር እንዳለ ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። ያ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። ለነገሩማ ነጭ ካባ ለብሰው የሚመላለሱት ሊቃውንትም ቢሆኑ በቅጡ መጠየቅ የጀመሩት ትናንት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ይህች ጽሑፍ የምትተርከው ያንን መዘግየት ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል እናጥራ። አማርኛችን «ማዞር» በምትለው አንዲት ቃል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ያሸክማታል። አንደኛው፣ ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ዓይን ላይ ጨለም የሚለው፣ ጉልበትም የሚከዳው ነው። ሁለተኛው፣ እግር መሬቱን ያላገኘ ይመስል መንገዳገድ ነው። ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። ሰውየው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሳለ ጣራው፣ ግድግዳው፣ መብራቱ ሁሉ ይሽከረከርበታል፤ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ይይዛል፤ ያስመልሰዋል። ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ ልዩነቱ ከአነጋገሩ ይታወቃል፤ የመጀመሪያው «ራሴን አዞረኝ» ሲል የመጨረሻው «ቤቱ ዞረብኝ» ይላል። ሐኪሞች ቨርቲጎ የሚሉት ይህንኑ «ቤቱ ዞረብኝ» የሚባለውን ነው። ምንጩም ብዙውን ጊዜ የውስጥ ጆሮ ነው።

የውስጥ ጆሮ የመስሚያ ዕቃ ብቻ አይደለም። እዚያው የራስ ቅል አጥንት ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ ከሚመስለው የመስሚያ ጠምዛዛ አጠገብ፣ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎችና ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሉ። ቱቦዎቹ ፈሳሽ የሞላባቸው ናቸው። ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀርና ጸጉር መሳይ ዘንግ ያላቸውን ሕዋሶች ያጎነብሳቸዋል፤ እነሱም ወሬውን ለአንጎል ያደርሳሉ። ከረጢቶቹ ውስጥ ደግሞ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች አሉ፤ የላይና የታቹን፣ የመሄድና የመቆሙን ወሬ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። እንግዲህ ሚዛናችን የቆመው በጥቂት ጠብታ ፈሳሽና በጥቂት ቅንጣት ላይ ነው ማለት ነው። ፈሳሹ ከመጠን ቢያልፍ ወይም ቅንጣቶቹ ከቦታቸው ቢወድቁ ቤቱ ይዞራል።

ይህን ሁሉ የጥንት ሰዎች አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት ማሕፀንን ነበር። በሂፖክራተስ ስም በቆዩት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ማሕፀን ከቦታዋ ተነሥታ በሴትየዋ አካል ውስጥ ትዘዋወራለች፤ ወደ ጉበት ትሄዳለች፤ ወደ ራስም ስትወጣ ራስ ይከብዳል። ፕላቶንም «ጢማዮስ» በተባለው መጽሐፉ ማሕፀንን ልጅ እንደምትመኝ ሕያው ፍጡር አድርጎ ይገልጻታል። መድኃኒቱስ? ከታች መልካም ሽታ፣ ከላይ መጥፎ ሽታ ማጠን፤ ስደተኛዋ ማሕፀን መልካሙን ተከትላ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች ተብሎ። ካልሆነም ሴትየዋን መዳርና ማስረገዝ። «ሂስቴሪያ» የሚለው ቃል የተገኘው ማሕፀን ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኑስ «ማሕፀን ከዋሻው እንደሚወጣ አውሬ አይዞርም» ለማለት ቢደፍርም ሐሳቡ ግን ብዙ መቶ ዓመታት ኖረ። በዚያ ዘመን ሴት ሲያዞራት መልሱ አንድ ነበር፤ ከማሕፀኗ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፓሪስ ሆስፒታሎች መልሱ ተለወጠ። አሁን ጥፋተኛው አንጎል ሆነ። ሰው በድንገት ዞሮበት ሲወድቅና ሲያስመልሰው «ደም ወደ አንጎሉ ጎርፎ ነው» ይባላል። ደም ከጎረፈ ደግሞ መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ አልቅት ይለጠፍበታል፣ እኛ በዋግምት እንደምናደርገው ደም ይወሰድበታል፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሰውየው በማዞሩ ላይ የደም ማነስ ተጨምሮለት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሚያስገርመው፣ በዚያችው ከተማ ትክክለኛው ፍንጭ ታትሞ ተቀምጦ ነበር። ፍሉራንስ የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ በ1820ዎቹ የርግቦችን ግማሽ ክብ ቱቦዎች አንድ በአንድ እየቆረጠ የሚሆነውን ይመዘግብ ነበር። ርግቢቱ መስማቷን አልተወችም፤ ግን በተቆረጠው ቱቦ አቅጣጫ ራሷን እያወዛወዘች ትሽከረከራለች፣ መቆምም መብረርም ያቅታታል። ይህ በሳይንስ ማኅበር ፊት ተነበበ፣ ታተመም። ነገር ግን በላቦራቶሪው ርግብና በሆስፒታሉ በሽተኛ መካከል ድልድይ የሠራ ሰው አልተገኘም። ድልድዩን ለመሥራት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ። የሠራው ሰው ፕሮስፔር ሜኒዬር ይባላል።

ሜኒዬር በ1799 በአንዤ ከተማ ተወለደ። ስለ ጆሮ ከመጻፉ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት ሐኪም ሳለ፣ ፖለቲካ አንድ እንግዳ ሥራ ሰጠችው። በ1832 የቀድሞው ንጉሣዊ ቤተሰብ አባል የሆነችው፣ ባሏ የቤሪው መስፍን የተገደለባት ልዕልት ማሪ ካሮሊን፣ ልጇን ለማንገሥ በምዕራብ ፈረንሳይ አመፅ ለማስነሣት ሞከረች። አልተሳካላትም። ናንት ከተማ ውስጥ ከአንድ ቤት የእሳት ምድጃ ኋላ ተደብቃ ሳለ ተያዘችና በዢሮንድ ወንዝ አፍ ላይ ባለው በብላይ ምሽግ ታሰረች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ወሬ ተሰማ፤ ልዕልቲቱ ነፍሰ ጡር ናት! ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። በየካቲት 1833 በስውር ተጋብቻለሁ ብላ ለማስታወቅ ተገደደች። ለንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ መንግሥት ይህ እርግዝና ከአንድ ክፍለ ጦር የበለጠ መሣሪያ ነበር፤ ተቀናቃኙን ወገን ያሳፍርበታልና። ስለዚህ የሚከታተላት ሐኪም ከፓሪስ ተላከ፤ እሱም ሜኒዬር ነበር።

ሜኒዬር በምሽጉ ውስጥ ለወራት ኖረ፤ በየቀኑ አያት፣ አነጋገራት፣ ማስታወሻም ያዘ። ግንቦት 10 ቀን 1833 ሴት ልጅ ወለደች፤ መንግሥትም ልደቱን በምስክር አስመዘገበ። ከዚያም ሐኪሙ እስከ ፓሌርሞ ድረስ በመርከብ ሸኛት። ማስታወሻው ከሞተ በኋላ በ1882 ልጁ አሳተመው። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። በኋላ የማዞርን ምንጭ ከአንጎል ወደ ጆሮ ያሻገረው ሰው፣ በዘመኑ ከነበሩት ሐኪሞች መካከል የአንዲትን ነፍሰ ጡር ኑሮ ቀን በቀን ለመከታተል ዕድል ከገጠማቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። ይሁንና ያ እርግዝና ለላኩት ሰዎች የመንግሥት ጉዳይ እንጂ የዕውቀት ጉዳይ አልነበረም።

በ1838 ሜኒዬር በፓሪስ የመስማት የተሳናቸው ልጆች ተቋም ዋና ሐኪም ሆነ። ቦታው በትልልቆቹ ሐኪሞች ዘንድ ብዙም የሚያስቀና አልነበረም። እሱ ግን እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ጆሮን ሲመረምር ቆየ። የሥነ ጽሑፍ ሰውም ነበር፤ በ1858 በላቲን ባለቅኔዎች ሥራ ውስጥ ስላለው ሕክምና መጽሐፍ አሳትሟል። (የሕክምና ተማሪ ግጥም አያነብም ለሚሉ ጓደኞቻችን ይህ ይድረስልን!)

ጥር 8 ቀን 1861 ከሕክምና አካዳሚው ፊት ቆሞ ጽሑፉን አነበበ። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በድንገት ዞሮበት የሚወድቅ፣ የሚያስመልሰው፣ ጆሮው የሚጮህበትና መስማቱ የሚቀንስበት ሰው አንጎሉ አልታመመም፤ የታመመው የውስጥ ጆሮው ነው። ደሙን አታፍስሱ። በምስክርነት ካቀረባቸው አንዷ ለብዙ ዓመታት ስትጠቀስ የኖረች ወጣት ልጅ ናት። በክረምት ሌሊት በጋሪ ጣራ ላይ ተሳፍራ ስትጓዝ ብርዱ መታት፤ በድንገት ጆሮዋ ደነቆረ፤ ያለማቋረጥ ይዞርባት ጀመር፤ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ያስመልሳት ነበር። በአምስተኛው ቀን ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር አንጎሏና ኅብለ ሰረሰሯ ምንም አልነበራቸውም፤ ግማሽ ክብ ቱቦዎቿ ግን ደም በመሰለ ቀይ ነገር ተሞልተዋል።

ሜኒዬር ስለዚህች ልጅ አንድ ሌላ ነገርም ጽፏል። በዚያች ሌሊት የወር አበባ ላይ ነበረች።

አንድ ሐረግ ናት፤ መጣችና አለፈች። ሜኒዬር ጥፋቱን የሰጠው ለብርዱ ነው። የወር አበባውን የጻፈው የዘመኑ ሐኪሞች «የወር አበባ ላይ ያለችን ሴት ብርድ ይጎዳታል» ብለው ያምኑ ስለነበር ይመስለኛል። እዚህ ላይ ግን እኛም እንጠንቀቅ። ኋላ የመጡ መርማሪዎች ያቺ ልጅ ዛሬ የሜኒዬር በሽታ የሚባለው እንዳልነበራት፣ ምናልባትም የደም ካንሰር ይዟት ጆሮዋ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ ያስባሉ። የሜኒዬር በሽታ አይገድልምና። ስለዚህ «የወር አበባዋ ነው የገደላት» የምንልበት ምክንያት የለንም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማዞር ከውስጥ ጆሮ እንደሚመጣ በታወጀበት በዚያው ጽሑፍ ላይ፣ በጆሮና በሴት ወርኃዊ ዑደት መካከል ግንኙነት ይኖር እንደሆነ የሚያስጠይቅ ሐረግ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ጥያቄው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይጠየቅ ቆየ።

ሜኒዬር በዓመቱ፣ በየካቲት 1862፣ የሐሳቡን ማሸነፍ ሳያይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዕውቀት በሁለት መንገድ ሄደ፤ ሁለቱ መንገዶች ግን አይገናኙም ነበር።

አንደኛው መንገድ የጆሮ ነው። በቪየና ሮበርት ባራኒ የበሽተኞችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ አንዱ «አዞረኝ» ይለዋል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓይን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሲሞቅ ወደ ሌላው እንደሚርገበገብ አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ የውስጥ ጆሮን ሚዛን መመርመሪያ ዘዴ አገኘ። የ1914 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ሳለ ነው። በ1938 ደግሞ ለንደን ውስጥ ሆልፓይክና ኬርንስ፣ ኦሳካ ውስጥ ያማካዋ፣ በሜኒዬር በሽታ ተይዘው የሞቱ ሰዎችን የጆሮ አጥንት በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የውስጠኛው ፈሳሽ ከመጠን በላይ ሞልቶ ሽፋኑን ወጥሮት አገኙ። በሽታው የውሃና የጨው ሚዛን መዛባት ያለበት መሆኑ ታወቀ።

ሁለተኛው መንገድ የሆርሞን ነው። «ሆርሞን» የሚለውን ቃል በ1905 እንግሊዛዊው ስታርሊንግ ለዓለም አስተዋወቀ፤ «አነሣሣለሁ» ከሚል የግሪክ ግስ የተወሰደ ነው። በ1929 ከኤስትሮጅን ወገን የሆነው ተለይቶ ወጣ፤ በ1934 ፕሮጄስተሮን ተከተለ። እነዚህ በማሕፀን ዙሪያ ብቻ የሚሠሩ ሳይሆኑ የደም ሥርን የሚያላሉ፣ ውሃና ጨው በሰውነት ውስጥ የሚቆዩበትን ሁኔታ የሚለውጡ መልእክተኞች መሆናቸው ቀስ በቀስ ታወቀ።

እንግዲህ በ1930ዎቹ መጨረሻ የጆሮው ሐኪም «ችግሩ የፈሳሽ ነው» ይላል፤ የማሕፀኑ ሐኪም «የሴት ሆርሞኖች ፈሳሽን ይለዋውጣሉ» ይላል። ሁለቱ በአንድ ሆስፒታል፣ በተለያየ ፎቅ ይሠራሉ። ነፍሰ ጡሯ «ቤቱ ዞረብኝ» ስትል የጆሮው ሐኪም «እርግዝና ነው፣ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሂጂ» ይላታል፤ እዚያ ደግሞ «እርግዝና ያው ያዞራል፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» ትባላለች። እንደ ማስተባበያ የሚመስል መልስ ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ደግሞ ለመሞገት ያስቸግራል።

ከዚያ ታሪኩን የበለጠ ያጨለመ ነገር መጣ። ከ1957 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን ታሊዶማይድ የሚባል ማስታገሻ ገበያ ላይ ዋለ። እንቅልፍ ያመጣል፤ የነፍሰ ጡሮችንም ማቅለሽለሽ ይቀንሳል ተባለ። በብዙ አገሮች ተሸጠ። በኅዳር 1961 ከጀርመን ገበያ እስኪነሣ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት አካላቸው ሳይሟላ ተወልደዋል። የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው በእጃቸውና በእግራቸው ላይ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ከፅንሰቱ በኋላ በአራተኛው ሳምንት ገደማ የተወሰደ ከሆነ የሚጎዳው ጆሮን ነበር፤ የጆሮ ቅጠላቸው ያልበቀለ፣ የውስጥ ጆሯቸውም ያልተሠራ ልጆች ተወለዱ። ሜኒዬር የማዞርን ምንጭ ጆሮ ነው ባለ በመቶ ዓመቱ፣ የእናቶችን ማቅለሽለሽ ለማስታገስ የተሰጠ ክኒን የልጆችን ጆሮ ነጠቀ።

ዓለም ደነገጠ፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። በአሜሪካ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች የመንግሥት መድኃኒት መርማሪ ማስረጃው አልበቃኝም ብላ ፈቃድ በመከልከሏ የብዙ ልጆችን አካል አተረፈች። ይሁን እንጂ ድንጋጤው ሌላ ውጤትም ነበረው። በ1977 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ልጅ ለመውለድ ዕድሜያቸው የሚፈቅድ ሴቶች በመድኃኒት የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች ውስጥ እንዳይካተቱ መመሪያ አወጣ፤ የተነሣውም በ1993 ነው። ሐሳቡ ለመጠበቅ ነበር። ውጤቱ ግን ሴቲቱ ከሙከራው ወጥታ፣ መድኃኒቱን ግን ከመውሰድ አልዳነችም። ነፍሰ ጡርማ ዛሬም ቢሆን በብዙ ጥናት ውስጥ የለችም። ስለዚህ ማዞር የያዛት ነፍሰ ጡር «ይህን ክኒን ብወስደው ልጄን ይጎዳዋል?» ብላ ስትጠይቅ ለብዙ መድኃኒቶች የምታገኘው መልስ «በቂ ማስረጃ የለም» የሚል ነው። ማስረጃ ያልኖረው ስላልተፈለገ መሆኑን የሚነግራት የለም።

እንዲህም ሆኖ ዛሬ የምናውቀው ጥቂት አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በእንስሳትም በሰውም የውስጥ ጆሮ ውስጥ ኤስትሮጅን የሚቀበሉ ሕዋሶች መኖራቸው ታይቷል። ማለትም ሆርሞኑ ሲልክ ጆሮ ውስጥ መልእክቱን የሚቀበል በር አለ። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የደም ውሃማ ክፍል ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ደሙም ይቀጥናል፤ በተለመደው ጊዜ በኪሎ ግራም ውሃ 290 ሚሊኦስሞል ገደማ የሆነው ጥግግቱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በ10 ያህል ይወርዳል። ለጤነኛ ጆሮ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ፈሳሹን አስቀድሞ መቆጣጠር ላቃተው ጆሮ ግን ለውጡ ቀላል አይደለም። በ1997 ጃፓናውያን ሐኪሞች የሜኒዬር በሽታ ያለባትን አንዲት ነፍሰ ጡር ተከታትለው፣ በእርግዝናዋ መጀመሪያ የደሟ ጥግግት ሲወርድ የማዞሩ ድግግሞሽ መጨመሩን ጽፈዋል። አንዲት ሴት ናት፤ ከአንድ ሰው ሕግ አይወጣም። ግን በዚህኛው ጊዜ ሐኪሞቹ እርግዝናዋን እንደ ሜኒዬር ጠቅሰው አላለፉትም፤ ለክተው አስተያዩት።

ሌሎችም አሉ። ኤስትሮጅን ከወር አበባ በፊትና ከወሊድ በኋላ ድንገት ሲወርድ ማይግሬን ይቀሰቅሳል፤ አንዳንዷ ሴት ማይግሬኑ የሚመጣባት ራስ በመፍለጥ ሳይሆን ቤቱ በመዞር ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ቅንጣቶች ከከረጢታቸው ወድቀው ቱቦ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አልጋ ላይ በተገላበጡ ቁጥር ለጥቂት ሰከንድ የሚያሽከረክር ማዞር ይመጣል። ይህ ዓይነቱ በሴቶች፣ በተለይም የወር አበባቸው በተቋረጠ እናቶች ላይ ይበዛል፤ የኤስትሮጅን መቀነስና የቪታሚን ዲ እጥረት እጃቸው እንዳለበት ይታሰባል። በእርግዝናም ያጋጥማል። ለዚህኛው ደስ የሚል ዜና አለ። ጆን ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1992 ባሳተመው ዘዴ፣ የበሽተኛውን ራስና ገላ በደረጃ እያገላበጡ ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ይቻላል። ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ክኒንም መርፌም አያስፈልገውም። ከታሊዶማይድ ወዲህ መድኃኒት ለምትፈራ ነፍሰ ጡር ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ስሙን የሰማ ሐኪም ማግኘቱ ነው እንጂ ችግሩ።

አሁን ወደ እነዚያ እናቶች ወሬ ልመለስ። «አርግዛ ይሆን እንዴ?» ማለታቸው ልክ ነው ወይስ ስህተት? ታሪኩ የሚያሳየን ሁለት ተቃራኒ ስህተቶችን ነው። የጥንቱ «ሁሉም ከማሕፀን ነው» አለ፤ ስለዚህ ጆሮን አላየም። የኋለኛው ጆሮን አገኘ፤ ግን ሆርሞን የሌለው፣ የማያረግዝ፣ ወርኃዊ ዑደት የሌለው ጆሮ አድርጎ ሣለው። ሁለቱም ሴቲቱን አልጠየቋትም። ያኔ ቢጠይቋት ኖሮ የትኛው ማዞር እንደሆነ ራሷ ትነግራቸው ነበር።

ነፍሰ ጡር ከተቀመጠችበት ስትነሣ ዓይኗ ላይ ቢጨልም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የጆሮ አይደለም። የደም ሥሮቿ ላልተዋል፤ የደም ግፊቷ በእርግዝና አጋማሽ ዝቅ ይላል፤ ደም ማነስም ሊኖርባት ይችላል፤ መመርመር አለበት። በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባዋ ስትተኛ ካዞራት ማሕፀን ትልቁን የደም መልስ ተጭኖት ነው፤ በጎኗ ትተኛ። አልጋ ላይ ስትገላበጥ ለአፍታ ቤቱ የሚዞርባት ከሆነ የቅንጣት ነገር ነው። ለሰዓታት ዞሮባት ጆሮዋ ከጮኸና መስማቷ ከቀነሰ የጆሮ ሐኪም ትይ። ነገር ግን ከአምስተኛው ወር በኋላ ማዞሩ ከብርቱ ራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከፊትና ከእጅ ማበጥ ጋር ከመጣ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እንዲሁም በድንገት አንድ ጆሮ ቢደነቁር፣ አንደበት ቢተሳሰር ወይም አንድ ጎን ቢዝል «እርግዝና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። «እርግዝና ያው ያዞራል» የሚለው መልስ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ትክክል ሆኖ በአሥረኛው እናትየዋን ያስከፍላል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለሕክምና ተማሪ ጓደኞቼ ነው። ነገ እኛ ካርድ እንይዛለን፤ በሩ ላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁን መካከል ግማሽ ያህሉ «አዞረኝ» ይሉናል፤ ጊዜ የለንም፤ ወረፋው ረጅም ነው። ቢሆንም አንዲት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አትወስድም፤ «እናቴ፣ ራስሽን ነው ያዞረሽ ወይስ ቤቱ ነው የዞረብሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መስማት። ሴትየዋ ያረገዘች እንደሆነም ስንተኛ ወሯ እንደሆነ፣ ከማርገዟ በፊት እንዲህ ሆና ታውቅ እንደሆነ፣ ከወር አበባዋ ጋር ይመላለስባት እንደነበር ጠይቆ ካርዱ ላይ መጻፍ። ሜኒዬር ስለዚያች ልጅ አንዲት ሐረግ ቢያንስ ጽፎልናል። እኛ ደግሞ ከሐረጓ ቀጥሎ ያለውን እንጻፍ።